የዳሌ መገጣጠሚያን ሳይቀይሩ ማቆየት፦ ስንት ዓመት?

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ደብዳቤዎች ከጎንደር ከተማና ከዙሪያዋ የመጡ ናቸው። ሁሉም ስለ ዳሌ ይጠይቃሉ፤ ይልቁንም መገጣጠሚያው በሰው ሠራሽ ከመቀየሩ በፊት የራስን አጥንት አስተካክሎ ለማቆየት ስለሚደረገው ቀዶ ሕክምና። የጸሐፊዎቹን ስም ትተን ሰፈራቸውን ብቻ አስቀርተናል፤ ረዘም ያሉትንም አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ 29 ዓመቴ ነው፤ መምህርት ነኝ። ሁለት ዓመት ሆነኝ ቀኝ ብሽሽቴን ያመኛል፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ካስተማርኩ ማታ አነክሳለሁ። ራጅ ተነሥቼ “የዳሌሽ ጎድጓዳ ኳሱን በደንብ አልሸፈነውም፤ አጥንቱን ቆርጦ የሚያዞር ኦፕራሲዮን አለ” ተባልኩ። ወንድሜ ደግሞ “ጠብቀሽ አንድ ጊዜ ብትቀይሪው ይሻላል” ይለኛል። ይህ ኦፕራሲዮን ስንት ዓመት ያቆያል? ገና አልወለድኩም፤ ለመውለድስ አይከለክለኝም? (ከማራኪ)

መልስ፦ እህታችን፣ ወንድምሽ የሚለው ለ60 ዓመት ሰው ቢሆን ልክ ነበር። ሒሳቡን እናስላው። ሰው ሠራሽ ዳሌ ዛሬ በጣም የታመነ ሕክምና ነው፤ ሆኖም የተለያዩ አገሮች መዝገቦች ተጠቃለው እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ጥናት 25 ዓመት የሚያገለግለው 58 በመቶ ያህሉ ነው። አንቺ ዛሬ ብትቀይሪ፣ 25 ዓመት ሲሞላው ገና 54 ዓመትሽ ነው። ወጣት ሰው ደግሞ ብዙ ስለሚንቀሳቀስ የተተከለው ቶሎ ያረጅበታል። ሁለተኛው ቅየራ ከመጀመሪያው ይከብዳል፦ አጥንቱ ሳስቷል፣ የሚፈሰው ደም ይበዛል፣ ለኢንፌክሽንም የበለጠ ያጋልጣል። ስለዚህ በአንቺ ዕድሜ መጀመሪያ የሚጠየቀው፣ የሚቆይ ካርቲሌጅ አለሽ ወይ የሚለው ነው። ካርቲሌጅ የምንለው ኳሱ፣ ማለትም የጭን አጥንቱ ክብ ራስ፣ እና ጎድጓዳው እርስ በርስ እንዳይፋተጉ የለበሱትን ለስላሳ ልባስ ነው፤ አንዴ ካለቀ አይበቅልም።

ያንቺ ችግር ይህ ነው፦ ጎድጓዳው ጥልቀቱ ያነሰና ወደ ውጭ ያዘመመ ስለሆነ፣ ስትራመጂ የሚመጣው ጫና በጠርዙ በኩል ባለች ትንሽ ቦታ ላይ ይከመራል። በአንድ እግር በምንቆምበት ቅጽበት ዳሌው የሚሸከመው ከሰውነት ክብደት 2.5 እጥፍ ገደማ ነው። ያ ሁሉ በጠርዙ ላይ ሲያርፍ ልባሱ እዚያው መላጥ ይጀምራል። ጃንጥላውን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ የያዘ ሰው አንድ ትከሻው ይረጥባል፤ ቀዶ ሕክምናው የሚያደርገው ጃንጥላውን ማቃናት ነው። ሽፋኑ በራጅ ላይ በማዕዘን ይለካል። ስዊድናዊው ሐኪም ዊበርግ እ.ኤ.አ. በ1939 ባስተዋወቀው መለኪያ 25 ዲግሪና ከዚያ በላይ ጤነኛ ነው፤ ከ20 በታች የጎደለ ሽፋን ይባላል፤ በመካከል ያለው አከራካሪ ነው። የራስሽን ቁጥር ጠይቀሽ ጻፊው።

ኦፕራሲዮኑን የጀመሩት ራይንሆልድ ጋንዝ የተባሉ ሐኪም በስዊዘርላንድ በርን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ በ1988ም በጽሑፍ አወጡት። በጎድጓዳው ዙሪያ ያለው አጥንት በጥንቃቄ ይቆረጣል፤ የዳሌው የኋላ ምሰሶ ግን ሳይነካ ይቀራል። ጎድጓዳው ከነልባሱና ከነደም ሥሩ ተላቆ ይዞርና አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ወይም በአራት ብሎን ይታሰራል። የኋላው ምሰሶ አለመቆረጡ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ታካሚው በቀናት ውስጥ በክራንች መነሣት ይችላል። ሁለተኛ፣ የመውለጃው መንገድ ቅርጽ እምብዛም አይለወጥም። ስለዚህ ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ በተፈጥሮ መንገድ መውለድ ይቻላል፤ በኦፕራሲዮን መውለድ ግዴታ አይደለም። ብቻ ከማርገዝሽ በፊት አጥንቱ ሙሉ በሙሉ መያያዙ በራጅ ይረጋገጥ፤ አዋላጇም ሆነ የማሕፀን ሐኪሙ ታሪኩን ይወቁ።

አሁን ወደ ዓመቱ። በርን ውስጥ መጀመሪያ የተሠሩት 75 ዳሌዎች እስከ ዛሬ ከማንም በላይ ረጅም ጊዜ የተከታተሏቸው ናቸው። በ20 ዓመት 60 በመቶው ሳይቀየሩ ቆይተዋል። በ30 ዓመት ሲታዩ፣ ሳይቀየሩ፣ መሸርሸሩም ሳይባባስ፣ ሕመሙም ሳይመለስ የዘለቁት ሲሶ ያህል ናቸው። ይህን ቁጥር ሲያዩ ቅር የሚላቸው አሉ። እኛ ግን በሁለት ምክንያት ጥሩ ውጤት ነው እንላለን። እነዚያ ታካሚዎች ኦፕራሲዮኑ ገና ሲፈለሰፍ የተሠሩ ናቸው፤ ከመካከላቸውም ልባሳቸው ቀድሞ ክፉኛ የተጎዳ ነበሩበት። በኋላ፣ የተሻለ ታካሚ ተመርጦና አዟዟሩ ተለክቶ የተሠሩት ላይ ከዚህ ከፍ ያለ ውጤት ታይቷል። በዚያ ላይ በ29 ዓመት ተሠርቶ በ49 ዓመት የሚቀየር ዳሌ አልከሸፈም፤ በመካከሉ ልጅ ተወልዶበታል፣ ሥራ ተሠርቶበታል፣ የመጀመሪያው ቅየራም ወደ ተሻለ ዕድሜ ተገፍቷል።

የትኛው ዳሌ ቶሎ እንደሚከዳ አስቀድሞ በመጠኑ ይታወቃል። ከ40 ዓመት በላይ ሆኖ መሠራት፣ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ማነከስና ብዙ ሕመም፣ ጉልበትን ወደ ደረት አጥፎ ወደ ውስጥ ሲያዞሩት ብሽሽት ላይ የሚወጋ ሕመም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በራጅ የሚታየው የመሸርሸር ደረጃ። ሐኪሞች ቶኒስ በሚባል መለኪያ ከ0 እስከ 3 ይሰጡታል። 0 እና 1 ጥሩ ነው፤ 2 ላይ ውጤቱ በግልጽ ይወርዳል፤ 3 ላይ ይህን ኦፕራሲዮን መሥራት ታካሚን ሁለት ጊዜ ማቁሰል ነው። አንቺ ማታ ማታ ማነከስ ጀምረሻል፤ ስለዚህ “ትንሽ ልየው” እያልሽ ዓመት ባትጨምሪበት እንመክራለን።

ከመወሰንሽ በፊት የሚከተለው ይሟላ። ራጁ ተኝተሽ ብቻ ሳይሆን ቆመሽም ይነሣ፤ በኳሱና በጎድጓዳው መካከል ያለው ክፍተት እውነተኛ መጠኑ በቆምሽበት ነው የሚታየው። እግርሽን ወደ ጎን ከፍተሽ አንድ ተጨማሪ ይነሣ፤ በዚህኛው ኳሱ ከጎድጓዳው ጋር ገጥሞ ክብ ለክብ ካልተቀመጠ ጎድጓዳውን ማዞር አያዋጣም። ኤም አር አይ (በማግኔት የሚነሣ ምስል) ከተገኘ የልባሱንና በጠርዙ ላይ ያለውን ቀለበት ጉዳት ያሳያል። ሐኪሙን ደግሞ ያለ ሐፍረት “ይህንኑ ኦፕራሲዮን ስንት ጊዜ ሠርተዋል?” ብለሽ ጠይቂ። በጥቂት ወራት የሚለመድ ሥራ አይደለም፤ በጀማሪ እጅ የሚደርሰው ጉዳት እንደሚበዛ በደንብ ይታወቃል። ደጋግሞ የሚሠራው ሰው አዲስ አበባ ወይም ከአገር ውጭ ከሆነ እዚያ መሄድ ይሻላል እንጂ ለቅርበት ሲባል አይሠራም።

ስለሚበላሸውም እንናገር። ብዙ ጊዜ የሚገጥመው የጭን የውጭ ጎን መደንዘዝ ነው፤ ቆዳውን የሚያዳርስ ቀጭን ነርቭ ቁስሉ አጠገብ ስለሚያልፍ ይወጠራል። አብዛኛው በወራት ውስጥ ይቀንሳል፤ በአንዳንዱ ላይ ጥቂት ይቀራል፤ መራመድ ግን አይከለክልም። የከፋው ወደ እግር የሚወርደው ትልቁ ነርቭ ሲጎዳ ነው፤ እሱ ብርቅ ነው። ሌላው የልክ ስሕተት ነው። ጎድጓዳው ትንሽ ዞሮ ከቀረ ጫናው በነበረበት ይቀጥላል፤ አብዝቶ ከዞረ ወይም ፊቱን ወደ ኋላ ካዞረ ደግሞ ቁጢጥ ስትዪ የጭን አጥንቱ አንገት ከጠርዙ ጋር ይጋጫል፤ አዲስ ሕመም፣ አዲስ መሸርሸር ይመጣል። የፊተኛው የብልት አጥንት ቁራጭ ሳይያያዝ የሚቀርበትም አለ፤ ብዙውን ጊዜ ሕመም ስለሌለው ይታለፋል። ደም ይፈስሳል፤ ቤተሰብሽ ደም የሚለግስ ሰው አስቀድሞ ያዘጋጅ።

ጥያቄ፦ አባቴ 57 ዓመታቸው ነው፤ ገበሬ ናቸው። ግራ ዳሌያቸው ካመማቸው ስድስት ዓመት አልፏል። አሁን ጫማቸውን ራሳቸው ማሰር አይችሉም፤ ሌሊት ያስጮኻቸዋል። ራጁን ያየው ሐኪም “ክፍተቱ አልቋል፤ መቀየር ነው” አለ። አባቴ ግን “የራሴን አጥንት አታውጡብኝ፤ ወጣቶቹን የሚያድነው ኦፕራሲዮን ለእኔም ይሠራልኝ” ይላሉ። ምን ልበላቸው? (ከቆላ ድባ)

መልስ፦ ሐኪሙ የነገራቸው ልክ ነው በላቸው። አጥንትን ቆርጦ ማቃናት የሚጠቅመው ጫናውን ከተጎዳ ልባስ ላይ አንሥቶ ወደ ጤነኛው ለማሸጋገር ነው። ራጁ ላይ ኳሱና ጎድጓዳው ተነካክተው ከታዩ የሚሸጋገርበት ጤነኛ ቦታ የለም። ክፍተቱ 2 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ሲሆን መገጣጠሚያውን ለማቆየት የሚሠሩት ኦፕራሲዮኖች በካሜራ የሚሠራውንም ጨምሮ ውጤታቸው ደካማ ነው፤ ጥቂት ወራት ያስታግሱና ሕመሙ ይመለሳል።

በድሮው ዘመን ለእንዲህ ዓይነቱ ታካሚ የጭን አጥንትን ከኳሱ በታች ቆርጦ ማዘንበል የተለመደ ነበር። በእንግሊዝ ማክመሪ፣ በጀርመን ፓውልስ የሚባሉ ሐኪሞች ስማቸው ይነሣበታል። ያኔ ሌላ አማራጭ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1962 ጆን ቻርንሊ እንግሊዝ አገር ዘመናዊውን ሰው ሠራሽ ዳሌ ካቆሙ በኋላ ለአባትህ ዓይነት ታካሚ ያ ኦፕራሲዮን ቀስ በቀስ ቀረ።

57 ዓመት ለመቀየር ሽማግሌም ልጅም የማያሰኝ ዕድሜ ነው። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያስነሣ ሕመም፣ ጫማ ማሰር አለመቻል፣ ማስታገሻ የማይመልሰው ሥቃይ፤ እነዚህ ሦስቱ ከተሟሉ ማዘግየቱ ጥቅም የለውም። ዳሌው እየደረቀ ጡንቻው ይሟሽሻል፤ ወገቡና ሌላው ጉልበት የሱን ሥራ ደርበው ይጎዳሉ። ከተቀየረ በኋላ መራመድ፣ ዳገት መውጣት፣ ከብት መጠበቅ ይቻላል። ሞፈር ተሸክሞ መውረድ፣ ኩንታል ማንሣትና ከበቅሎ ላይ መዝለል ግን የተተከለውን ያሳጥረዋል፤ እርሻውን ከልጆቹ አንዱ መረከብ ይኖርበታል። ይህን ከኦፕራሲዮኑ በፊት በግልጽ ተነጋገሩ፤ ቤት ከገቡ በኋላ ከሚነሣ ጭቅጭቅ ያድናል።

እስኪቀየር ድረስ፦ ምርኩዙ በሚያመው እግር በኩል ሳይሆን በተቃራኒው እጅ ይያዝ፤ የአባትህ ግራ ዳሌ ስለሆነ በቀኝ። ብዙ ሰው በሚያመው በኩል ይይዘዋል፤ እንዲያ ሲሆን ዳሌው እምብዛም አይቀልለውም። ቁመቱ እጃቸውን ወደ ታች ለቀው ቆመው የእጅ አንጓቸው ጋ ይድረስ፤ ሲይዙት ክርናቸው በጥቂቱ ይጠፍ። የመቋሚያ ቁመት ለዚህ አይሆንም፤ በብብት ሥር እየተደገፉበት ነርቭ ይጎዳል። ማስታገሻ ሲወስዱ ጾም ላይ መሆናቸውን እወቅ፦ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን በባዶ ሆድ ጨጓራ ያቆስላሉ፤ ስለዚህ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩ ከሆነ ከምግቡ በኋላ ብቻ ይውሰዱ። ደም ግፊት፣ ኩላሊት ወይም የጨጓራ ቁስል ካለባቸው ጭራሽ ያለ ሐኪም አይነኩ፤ ለእሳቸው ፓራሲታሞል በቀን ከ4 ግራም ሳያልፍ ይሻላል። ከሱቅ የሚገዛ ስሙ የማይታወቅ “የሪህ ኪኒን” ግን ይቅር። አንዳንዱ ውስጡ ስቴሮይድ ይገኝበታል፤ ሕመሙን ለጊዜው ያጠፋና አጥንቱን ይገድላል። ስለዚሁ ከታች አንድ ጥያቄ አለ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ዳሌዋ ተስተካክሎ በብሎን ከታሰረ ሦስት ሳምንት ሆነ፤ ትናንት ከአዲስ አበባ ገባን። “ትንሽ ብቻ ርገጪ” ነው የተባለችው። ትንሽ ስንት ነው? ጎረቤቶች “ወጌሻ ይሽልሽ” ይላሉ። ደግሞ ዐቢይ ጾም ደረሰ፤ ስግደቱስ? (ከአዘዞ)

መልስ፦ ትንሽ ማለት ከ15 እስከ 20 ኪሎ ነው። በግምት ማንም አያውቀውም፤ ስለዚህ ተለማመዱት። የሰው ሚዛን አምጡና ከግድግዳ አጠገብ አስቀምጡ፤ ከሚዛኑ ጋር እኩል ከፍታ ያለው ጣውላ ወይም መጽሐፍ ከጎኑ ይሁን። ባለቤትህ በሁለት ክራንች ተደግፋ ጤነኛውን እግር ጣውላው ላይ፣ የተሠራውን ሚዛኑ ላይ ታድርግ፤ መርፌው 15 ሲል ቆም ብላ እግሯ ላይ የሚሰማትን ትያዘው። ቀን ቀን ሦስት አራት ጊዜ ብትደጋግመው በሁለት ቀን ይገባታል። ጨርሶ እግሩን አንጠልጥሎ መሄድ ጥሩ ይመስላል እንጂ አይመከርም፤ እግሩን በአየር ላይ ለመያዝ ጡንቻው ሲኮማተር ዳሌውን ይጫነዋል።

ይህ እስከ 6ኛው ወይም 8ኛው ሳምንት ይቆያል። ያኔ ራጅ ይነሣል፤ አጥንቱ ማያያዝ ከጀመረ በየሳምንቱ ከ10 እስከ 15 ኪሎ እየተጨመረ እስከ 3ኛው ወር ገደማ ሙሉ ክብደት ይደረሳል። ክራንቹ ሲጣል ሁለቱም በአንድ ቀን አይጣል፤ መጀመሪያ በተሠራው በኩል ያለው ይቅር፤ በተቃራኒው እጅ ያለው ማነከሷ እስኪጠፋ ይቆይ። ማነከስ እያለ ክራንች መጣል የጎን ጡንቻው እንደደከመ እንዲቀር ያደርገዋል፤ ከአንድ ዓመት በኋላ “ኦፕራሲዮኑ አልሠራም” ብለው ከሚመጡት ጥቂት የማይባሉት ችግራቸው ይኸው ነው። ሐኪሟ ከዚህ የተለየ ቁጥር ሰጥቷት ከሆነ የሱ ይጸናል፤ አጥንቱን ያየው እሱ ነው።

ወጌሻ አይንካት። ብሎኑ የያዘው ገና ያልጠነከረ አጥንት ነው፤ እግሩ ተይዞ ቢጎተት ወይም ቢጠመዘዝ ጎድጓዳው ከተቃናበት ይንሸራተታል፤ ተመልሶ ኦፕራሲዮን ነው። ቅቤም ቢሆን ቁስሉ ላይ አይቀባ። የሚያስፈልጋት ፊዚዮቴራፒ ነው፤ ለዚህ ሩቅ መሄድ የለባችሁም፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሚያሠለጥን ተቋም ነው፤ ሆስፒታሉ ውስጥ ጠይቁ።

ቤቱን እንዲህ አዘጋጁት። ዱካና በርጩማ ለጊዜው ይነሣ፤ ስትቀመጥ ጉልበቷ ከዳሌዋ ከፍ ማለት የለበትም፤ ስለዚህ ከ45 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው፣ መደገፊያ ያለው ወንበር ይሁን። ቡና ማፍላቱን ሌላ ሰው ይያዘው፤ ረከቦቱ ጋ ጎንበስ ማለት የተከለከለው ዓይነት መታጠፍ ነው። ሽንት ቤታችሁ ቁጢጥ የሚባልበት ከሆነ መቀመጫው የተበሳ ጠንካራ ወንበር በላዩ ላይ አኑሩ፤ ማንኛውም አናጢ በግማሽ ቀን ይሠራዋል። ምንጣፍና ኬሻው ይጠቅለል፤ በእርጥብ ሲሚንቶ ላይ የክራንች ጎማ ይንሸራተታል፤ ጎማው ሲያልቅ ይቀየር። ባጃጅ ስትገባ መጀመሪያ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጥ፤ ከዚያ እግሮቿን አንድ ላይ ታስገባ፤ የተሠራውን እግር አስቀድሞ አስገብቶ መዞር ያጣምመዋል። ንግሥ ሲሆን ደግሞ ክራንች ይዞ ሕዝብ መሐል መግባት አይገባም።

ስግደቱን ይህን ጾም ትተወው። መሬት ወድቆ መነሣት ዳሌውን እስከ መጨረሻው ያጥፈዋል፤ ሲነሡም ክብደቱ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይመጣበታል። ከንስሐ አባቷ ጋር ትነጋገር፤ ለሕመምተኛ ስግደት ማቅለል አዲስ ነገር አይደለም። ከ6ኛው ወር በኋላ፣ ራጁ ሙሉ ለሙሉ መያያዙን ካሳየና ሲታጠፍ ብሽሽቷን ካልወጋት፣ ቀስ በቀስ መጀመር ይቻላል። ከወጋት ይቁም፤ ያ ሕመም አጥንት ከአጥንት ጋር መጋጨቱን ሊያመለክት ስለሚችል ለሐኪሙ ይነገር። ጾሙም ቢሆን አጥንት እየተያያዘ ስለሆነ ሽሮ፣ ምስር፣ ሱፍ፣ ተልባ አይጉደልባት፤ ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ፀሐይ ታግኝ።

ባትዋ ካበጠ፣ ከቀላና ከጠነከረ፣ ወይም ድንገት ደረቷን ወግቶ ትንፋሽ ካጠራት በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰዳት፤ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። ለደም ማቅጠኛ የታዘዘላት ካለ አንድ ቀን እንዳይዘለል።

ጥያቄ፦ 34 ዓመቴ ነው። ለቆዳ በሽታ ለረጅም ጊዜ ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ስቴሮይድ ወስጃለሁ። አሁን ሁለቱም ብሽሽቶቼ ያመኛል፤ “ኳሱ ደም አጥቷል” ተባልኩ። ይህንንም ማቆየት ይቻላል? (ከአራዳ)

መልስ፦ ኳሱ ካልተደረመሰ አዎ። ሐኪሙ ከጭኑ ጎን ገብቶ እስከ ሞተው አጥንት ድረስ ይበሳል፤ ውስጡ የታፈነው ግፊት ይቀልና አዲስ ደም ሥር የሚገባበት መንገድ ይገኛል። ትንሽ ቦታ ብቻ ከሞተና ክቡ ካልተሰበረ ውጤቱ ጥሩ ነው። ራጁ ላይ ከኳሱ ቆዳ ሥር እንደ ጨረቃ ቀጭን ጥቁር መስመር ከታየ መደርመስ ጀምሯል ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ መብሳቱ ብዙ አይረዳም። ችግሩ መጀመሪያ ላይ ራጅ ጤነኛ ሊመስል መቻሉ ነው፤ የሚያሳየው ኤም አር አይ ነው። ስለዚህ ለአንተ ሳምንታትም ዋጋ አላቸው። ፕሬድኒሶሎኑን በራስህ በአንድ ጊዜ አትተው፤ ሰውነት ይወድቃል፤ የቆዳ ሐኪምህ ቀስ እያለ ይቀንሰው። መጠጥ ካለ አቁም፤ አልኮል ይህንኑ በሽታ የሚያመጣ ሌላው ዋና ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ልጄ ዳሌዋ ከቦታው ወጥቶ መሆኑ የታወቀው መሄድ ከጀመረች በኋላ ነው። አሁን ሁለት ወር የሆናት ሕፃን አለችኝ። ምን ላድርግ? (ከቁስቋም)

መልስ፦ በዚህ ሳምንት አስመርምሪያት። እኅቷ ስለነበረባት እሷም የበለጠ ዕድል አላት። እስከ 4 ወይም 6 ወር አልትራሳውንድ ነው የሚያሳየው፤ ከዚያ በኋላ ራጅ። ከ6 ወር በፊት ከተገኘ እግሮቹን ከፍቶና አጥፎ በሚይዝ ቀበቶ፣ ያለ ኦፕራሲዮን፣ አብዛኛው ይድናል። እግሮቿን ቀጥ አድርገሽ አጥብቀሽ አትጠቅልያት፤ እንዲያ ሲታሰር ዳሌው ሊወጣ ይችላል። በጀርባ ማዘልሽ ግን እግሯን ስለሚከፍት ጥሩ ነው፤ አንቀልባውን ቀጥዪበት። አንድ ነገር ለትልልቆቹ ልጆች ጨምረን እንንገርሽ፦ ከ10 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ “ጉልበቴን” እያለ ካነከሰና ጉልበቱ ላይ ምንም ካልታየ ዳሌው ይታይ። የኳሱ የእድገት መስመር ተንሸራቶ ሊሆን ይችላል፤ የዳሌ ሕመም ጉልበት ላይ መሰማቱ ያለ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ሐኪም እስኪያየው ድረስ እግሩን አይርገጥበት።

ጥያቄ፦ ከ16 ዓመት በፊት ዳሌዬን ለማቃናት የጭኔ አጥንት ተቆርጦ በብረት ታስሯል። ጥሩ ሄጄበት ነበር፤ ዘንድሮ ሕመሙ ተመለሰ። አሁን 41 ዓመቴ ነው። ብረቱ ይውጣ? ወደፊት ዳሌዬ ቢቀየርስ ያስቸግራል? (ከደባርቅ)

መልስ፦ 16 ዓመት ለዚህ ዓይነቱ ኦፕራሲዮን የሚያስመሰግን ነው። ሕመሙ ከየት እንደሆነ መለየት ይቀድማል። በጭንዎ ጎን፣ በተኙበት በኩል ሲጫኑት የሚያምዎ ከሆነ ብረቱ ጅማቱን እየነካ ይሆናል፤ ማውጣቱ ብቻ ሊበቃ ይችላል። ብሽሽት ላይ ከሆነና ጠዋት ሲነሡ ግትር የሚያደርግዎ ከሆነ መገጣጠሚያው ራሱ ነው።

መቀየሩ ይቻላል፤ ሆኖም ጎድጓዳው ብቻ ተዘዋውሮለት ከነበረ ሰው የርስዎ ይከብዳል። ጭኑ ስለታጠፈ የአጥንቱ ቱቦ ቀጥ አይልም፤ የሚተከለው ግንድ ሲገባ አጥንቱ የመሰንጠቅ ዕድል አለው። ስለዚህ የሁለቱንም ጭን ሙሉ ርዝመት የሚያሳይ ራጅ አስቀድሞ ይነሣ። ብረቱን ማውጣትና መቀየሩን ባንድ ቀን መሥራት ወይም ለያይቶ በመካከሉ ወራት መጠበቅ የሐኪሙ ውሳኔ ነው፤ ቀድሞ ኢንፌክሽን ነበረብዎ ከሆነ መለያየቱ ይመረጣል። ብረቱ ብቻውን ከወጣ የብሎኖቹ ቀዳዳዎች እስኪሞሉ ድረስ፣ ስድስት ሳምንት ያህል፣ በክራንች ይሂዱ፤ ከባድ አይሸከሙ፤ አጥንት በቀዳዳው በኩል ይሰበራል።

የድሮውን የኦፕራሲዮን ወረቀት ይፈልጉ። ብረቱ የማን ሥሪት እንደሆነና የብሎኑ ራስ ባለ ስድስት ጎን ነው ወይስ ኮከብ የሚለው ከታወቀ ትክክለኛው መፍቻ ቀድሞ ይዘጋጃል። ካልታወቀ መፍቻው እየተንሸራተተ የብሎኑ ራስ ይላጣል፤ ያኔ ብረቱን በመሰርሰር ለማውጣት የቀዶ ጥገናው ሰዓት ይረዝማል። ወረቀቱ ከጠፋ የራጁን ግልባጭ ለሚሠራልዎ ሐኪም አስቀድመው ይላኩለት።